ቤት ሄዶ መሣሪያ ይዞ መመለስ «አስቦበት መግደል» ነው?

የአንባቢያን የሕግ ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከጎንደርና ከዙሪያዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ገዳዩ «ቀድሞ አስቦበታል» የሚባለው መቼ ነው? መልሶቻችን የተመሠረቱት በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግ ላይ ነው። ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ የጎንደሩም የጅማውም ዳኛ የሚገልጠው ያንኑ መጽሐፍ ነው። የጠያቂዎችን ማንነት የሚያሳብቅ ዝርዝር አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በመስኖ ውኃ ተራ ከጎረቤቱ ጋር ተጣላ። ጎረቤቱ በዱላ ጭንቅላቱን ፈነከተው። ወንድሜ ደሙን እያዘራ ቤቱ ሄዶ ጠመንጃውን ይዞ ተመለሰና አንድ ጥይት ተኩሶ ገደለው። መንገዱ ደርሶ መልስ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። አሁን በአንቀጽ 539 ተከሷል። መርማሪው «ቤቱ ድረስ ሄዶ መሣሪያ ካመጣማ አስቦበታል፣ አለቀ» ይላል። እውነት ሕጉ እንዲህ ይላል? (ከአዘዞ አካባቢ)

መልስ፦ አላለቀም። የወንድምዎ ጠበቃ ዋና ሥራ የሚጀምረው እንዲያውም እዚህ ላይ ነው።

የወንጀል ሕጉ ሆን ተብሎ የተፈጸመን ግድያ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። አንቀጽ 539 ከባዱ ነው፤ ቅጣቱ የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ወይም ሞት። አንቀጽ 540 ተራው ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። አንቀጽ 541 ቀላሉ ነው፤ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። ሰውየው መግደሉ ምንም ባያከራክር እንኳ በየትኛው ይጠየቅ የሚለው ክርክር የሞትና የሕይወት ክርክር ነው።

ብዙ ሰው የሚያደባልቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በአንቀጽ 58 የተመለከተው ሐሳብ ነው፦ ገዳዩ ሰው እንደሚሞት አውቆ፣ ያንንም ፈልጎ፣ ወይም ሊሞት እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ማድረጉ። ይህ በሦስቱም አንቀጾች ውስጥ አለ። በንዴት ጦፎ፣ በአንድ አፍታ፣ አጠገቡ ያገኘውን መጥረቢያ አንስቶ ጭንቅላት የመታ ሰውም አስቦ ገድሏል። ሁለተኛው ቀድሞ አስቦበት መግደል ነው፦ ለመግደል ከቆረጠ በኋላ እንዴት፣ የት፣ በምን እንደሚፈጽመው በረጋ መንፈስ አውጥቶ አውርዶ ያደረገው። ከባዱን አንቀጽ ሊያመጣ የሚችለው ይኸኛው ነው። የመጀመሪያውን አስረድቶ የሁለተኛውን ቅጣት የሚጠይቅ ዐቃቤ ሕግ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ሕጉ ሰዓት አልቆጠረም። «ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ አስቦበታል፣ ከዚያ በታች ከሆነ አላሰበበትም» የሚል ቃል የትም አያገኙም። ስለዚህ 20 ደቂቃው ብቻውን ወንድምዎን አያስኮንነውም፣ ብቻውንም አያድነውም። ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው በ20 ደቂቃው ውስጥ ምን ሆነ ብሎ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ፣ ግን ክስ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነጥብ አለ። አንቀጽ 539(1)(ሀ) «ቀድሞ ያሰበበት ሁሉ ይሰቀል» አይልም። ቀድሞ ማሰቡ፣ ወይም ለግድያ ያነሳሳው ምክንያት፣ ወይም የተጠቀመበት መሣሪያና ዘዴ፣ ወይም አፈጻጸሙ ገዳዩ በተለይ ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ መሆኑን የሚያሳይ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ክሱ በቀድሞ ማሰብ ላይ የቆመ ሲሆን መረጋገጥ ያለበት ነገር ሁለት ነው፤ ማሰቡና ማሰቡ የሚገልጠው ባሕርይ። አንዱ ብቻ ከተረጋገጠ ጉዳዩ ወደ አንቀጽ 540 ይወርዳል። የክሱን ወረቀት አግኝተው ያንብቡት። «ቤቱ ሄዶ መሣሪያ በማምጣት ተኩሶ ገድሎታል» ካለ በኋላ ይህ አድራጎት ጨካኝነቱን ወይም አደገኛነቱን የሚያሳየው በምን እንደሆነ አንድም ዓረፍተ ነገር ከሌለው ጠበቃው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚያቀርብበት ቦታ አገኘ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ። የሰው ልብ ውስጥ ስለማይገባ ፍርድ ቤት ሐሳብን የሚያነበው ከውጭ ከሚታየው ነው። ወደ ከባዱ አንቀጽ የሚገፉት እነዚህን የመሰሉ ናቸው፦ ከጠቡ በፊት የነበረ ዛቻና ቂም፣ ጥይት መግዛት ወይም መሣሪያ መዋስ፣ የሟችን መመላለሻ መሰለል፣ አድብቶ ወይም ሸምቆ መጠበቅ፣ በሰው አስጠርቶ ገለል ወዳለ ቦታ ማስወጣት፣ ተኝቶ ሳለ መግደል፣ መርዝ፣ ወድቆ እያለ መደጋገም፣ አስከሬን መሰወር። መርዝ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል፤ በንዴት መርዝ የሚያበላ ስለሌለ የመርዝ ክስ ቀድሞ አላሰበበትም ብሎ ለመከራከር አይመችም።

በወንድምዎ ላይ ዐቃቤ ሕግ የሚያነሳው ሄዶ መመለሱን፣ ጠመንጃ መምረጡንና ምናልባትም የተመታውን የሰውነት ክፍል ነው። የጥይቱ መግቢያ ደረት ላይ ከሆነ ፊት ለፊት ተገናኝተዋል ያሰኛል፤ ጀርባ ላይ ከሆነ ሟች እየሄደ ወይም እየሸሸ ነበር የሚለው ይከብድበታል። ስለዚህ የአስከሬን ምርመራ ውጤቱን ጠበቃው ቃል በቃል ማንበብ አለበት፤ መደምደሚያውን ብቻ አይቶ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው።

ለወንድምዎ የሚያገለግለውስ? ቀድሞ የተመታው እሱ መሆኑ፣ ቁስሉ ትኩስ ሳለ መመለሱ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው እያየው ወደዚያው ቦታ መምጣቱ፣ አንድ ጥይት ብቻ መተኮሱ፣ ከዚያም እጁን ሰጥቶ ከሆነ ያ ሁሉ። ምስክሮች ሲጠየቁ «ስንት ደቂቃ ቆየ?» በሚለው ላይ ሙጭጭ ማለት ብዙ አይጠቅምም። ይልቅ «ሲሄድ ይሮጥ ነበር ወይስ ይራመድ? ምን እያለ? ቤት ሲደርስ ከማን ጋር ተነጋገረ? ቁስሉን አጠበ? ልብስ ቀየረ? ተቀምጦ ውኃ ጠጣ? ሊይዘው የሞከረ ሰው ነበር?» የሚሉት ናቸው ፍሬ ያላቸው። እየጮኸ ሮጦ የሄደ፣ እየጮኸም የተመለሰ ሰው ደሙ ገና እየፈላ ነበር ሊባል ይችላል። ተቀምጦ ቁስሉን አሳጥቦ፣ ጥይት መርጦ፣ ሟች የሚያልፍበትን ሌላ መንገድ ይዞ ከመጣ ግን ያው 20 ደቂቃ ሌላ መልክ ይይዛል።

ወደ አንቀጽ 541 ሊወርድ ይችላል ወይ ብለው ተስፋ ማድረግዎ አይቀርም። ያ አንቀጽ ሁለት በር አለው። አንዱ ሕጋዊ መከላከልን ከመጠን ማሳለፍ ነው፤ ጥቃቱ ቆሞ፣ ወንድምዎ ከቦታው ርቆ ስለተመለሰ ይህ በር ጠባብ ነው። ሁለተኛው ከባድ ትንኮሳ ያስከተለው፣ ሁኔታው ሲታይ ሊገባን የሚችልና በመጠኑም ይቅር የሚያስብል ብርቱ ስሜት ነው። ጭንቅላት የሚፈነክት ዱላ ከባድ ትንኮሳ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ክርክሩ የሚጠብቀው ስሜቱ ከጠቡ እስከ ተኩሱ ሳይበርድ መቆየቱ ላይ ነው። እንደኛ ግምት እንደጻፉልን ከሆነ ጉዳዩ በአንቀጽ 540 ሊያርፍ የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ዳኛ የሚፈርደው ግን በችሎት በሰማው ነውና ይህን እንደ ቃል አይያዙት።

ቤተሰቡ አሁኑኑ ማድረግ ያለበት፦ የወንድምዎ የጭንቅላት ቁስል በሐኪም ታይቶ በወረቀት እንዲመዘገብ ማድረግ። ቁስል ይድናል፣ ጠባሳም ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ በዚህ የተነሳ «ቀድሞ ተመትቼ ነበር» የሚለው ቃል ብቻውን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። በእስር ላይ ያለ ሰው ሕክምና የማግኘት መብት ስላለው ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ። ደም የነካው ልብስ ፖሊስ ካልወሰደው አይታጠብ። ጠበቃ የመቅጠር አቅም ከሌለ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(5) በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ይፈቅዳል፤ ችሎት ላይ «ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ» ብሎ መጠየቅ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጠመንጃው ፈቃድ ከሌለው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሌላ ክስ ሊመጣ እንደሚችል ከአሁኑ ይወቁት።

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ሲያልቁ ፍርድ ቤቱ ብይን ይሰጣል። በዚህ ጊዜ «በአንቀጽ 540 ይከላከል» ብሎ አንቀጹን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል፤ ያለ አዲስ ክስ ቀለል ባለው አንቀጽ ጥፋተኛ ማለትም ይፈቀዳል። ከተከሰሰበት ከፍ ባለ አንቀጽ ግን ሳይከሰስ አይፈረድበትም። ስለዚህ የብይኑ ቀን እንደዋዛ የሚታለፍ ቀጠሮ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንቀጽ 540 የተከሰሰ ሰው ዋስትና ያገኛል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አያገኝም ብለው ይነሱ። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 63 ወንጀሉ በሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጣበትና ሰው በሞተበት ጉዳይ ዋስትናን ይዘጋል። የ540 ጣሪያ 20 ዓመት ነው። በአንቀጽ 541 የተከሰሰ ወይም አንቀጹ ወደዚያ የወረደለት ሰው ግን መጠየቅ ይችላል።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ፊልም «አንደኛ ደረጃ ግድያ» ሲባል እሰማለሁ። ቨርጂኒያ ያለ የአክስቴ ልጅ ደግሞ «እዚህ ጥቂት ሰከንድ ማሰብ ይበቃል» ይለኛል። የእኛው 539 ከዚያ ጋር አንድ ነው? (የሕግ ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ የሚመሳሰሉት ላይ ላዩን ነው። ግድያን በደረጃ መክፈል በአሜሪካ የተጀመረው በ1794 እ.ኤ.አ. በፔንስልቬንያ ሕግ ነው፤ ያኔ የታሰበው የሞት ቅጣት የሚደርስባቸውን ሰዎች ለማጥበብ ነበር። ሆኖም በብዙ ግዛቶች ዳኞች «ለማሰብ አጭር የሚባል ጊዜ የለም» እያሉ ሲፈርዱ ስለቆዩ ማሰብ የሚባለው ጥቂት ሰከንድ እስከ መሆን ደርሷል፤ የአክስትዎ ልጅ ያለው ከዚህ የመጣ ነው። በፈረንሳይ ሕግ ቀድሞ የታሰበበት ግድያ የራሱ ስም ያለው ከፍ ያለ ወንጀል ነው። በእንግሊዝ ደግሞ ከባዱ የግድያ ወንጀል ቀድሞ ማሰብን ጭራሽ አይጠይቅም፤ ለመግደል ወይም ከባድ ጉዳት ለማድረስ መፈለግ ይበቃል።

የእኛው ሕግ የሚዛመደው ከስዊስ ጋር ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነበሩ። በ1937 እ.ኤ.አ. የወጣው የስዊስ ሕግ ከባድ ግድያን የሚለየው አፈጻጸሙ ወይም ቀድሞ ማሰቡ ገዳዩ በተለይ ክፉ ወይም አደገኛ መሆኑን ሲያሳይ ነበር። የእኛም አነጋገር ያንኑ አካሄድ ይዞ እስከ 1996ቱ ሕግ ደርሷል። ስዊሶቹ ራሳቸው በኋላ ሕጉን ሲያሻሽሉ «ቀድሞ ማሰብ» የሚለውን አውጥተው መለኪያውን ርኅራኄ ማጣት ላይ አደረጉት። ምክንያቱ ለእርስዎ ለተማሪው ሊያስገርምዎ አይገባም፤ በሽተኛ ሚስቱን ከስቃይ ለመገላገል ሳምንት ሙሉ እያለቀሰ ሲያስብ ቆይቶ የገደለ ሰው ቀድሞ አስቦበታል፣ ጨካኝ ነው ማለት ግን ያስቸግራል። በመንገድ ያገኘውን እንግዳ ሰው ለጨዋታ ያህል የወጋ ደግሞ ደቂቃም አላሰበበትም፣ አደገኛነቱ ግን ያስፈራል። የእኛው 539 ለሁለቱም ቦታ አለው፤ የመጀመሪያው ቀድሞ አስቦበትም ወደ 540 ሊወርድ ይችላል፣ ሁለተኛው ሳያስብበትም 539 ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ፈተና ላይ የሚረሱትን አንድ ነገር እንጨምርልዎ። የ539(1) «ለ» እና «ሐ» ቀድሞ ማሰብን በፍጹም አያነሱም። ለግድያ ወይም ለውንብድና የተደራጀ ቡድን አባል ሆኖ የገደለ፣ እንዲሁም ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም የፈጸመውን ለመደበቅ ሲል የገደለ፣ ውሳኔው የቅጽበት ቢሆንም ከባድ ነው። ሌሊት ቤት ሰብሮ ገብቶ ባለቤቱ ሲነቃበት «አውቆኛል» ብሎ የገደለ ሌባ ምሳሌ ይሆንዎታል።

ጥያቄ፦ የአጎቴ ልጅ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ተገደለ። ገዳዩ ከአገር ጠፍቶ ሳይከሰስ ቀረ። ከ14 ዓመት በኋላ ሰውየው ሲመለስ ልጁ ደሙን መለሰ። በእኛ አገር ደም አለመመለስ ውርደት ነው፤ ፍርድ ቤት ይህን አያይለትም? ሽማግሌዎች አስታርቀውናል፤ ክሱ አይዘጋም? (ከወገራ)

መልስ፦ ከባድ ጥያቄ ነውና እንደ ቀላል አናየውም። ነገር ግን ሕጉ የደም ብቀላን እንደ ማቅለያ ሰበብ አያውቀውም። አንቀጽ 541 የሚናገረው ድንገት ስለሚያጥለቀልቅ ስሜት ነው፤ 14 ዓመት ታምቆ የቆየ ቂም ድንገተኛ ሊባል አይችልም። እንዲያውም የሰውየውን መመለስ ጠብቆ፣ መግቢያ መውጫውን አጥንቶ ከሆነ ቀድሞ ማሰቡ ራሱ ተረጋገጠ። ቀጥሎ ዐቃቤ ሕግ ማስረዳት ያለበት ይህ በተለይ ጨካኝነትን፣ ነውረኛነትን ወይም አደገኛነትን ያሳያል የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ተከላካዩ የሚለው አለው፦ ልጁ ያለ አባት ያደገ መሆኑን፣ የዘመድ ጉትጎታውን፣ ዕድሜውን፣ ንጹሕ ታሪኩን። የገደለው የአባቱን ገዳይ ሳይሆን ወንድሙን ወይም ልጁን ቢሆን ኖሮ ግን ይህ ክርክር ይሰበር ነበር፤ ምንም ያላደረገን ሰው በዘር ቆጥሮ መግደል ነውረኛነቱ ጎልቶ ይታያል። በጨለማ ተሳስቶ ሌላ ሰው መግደልም አያድንም፤ የሟች ማንነት ላይ መሳሳት ከኃላፊነት ነጻ አያወጣም።

ልጁን ያነሳሱትም ይጠየቃሉ። «አባትህ ደሙ እየጮኸ አንተ ትበላለህ» እያሉ ቆርጦ እንዲነሳ ያደረጉ፣ ጥይት የገዙ፣ የሰውየውን መምጣት የጠቆሙ ዘመዶች እንደ አነሳሽ (አንቀጽ 36) ወይም እንደ አባሪ (አንቀጽ 37) ሊከሰሱ ይችላሉ። ለአነሳሽ የተደነገገው ቅጣት ለገዳዩ የተደነገገው ያው ነው። ይህን ለቅሶ ቤት ለሚሸልሉ ሰዎች ቢነግሩልን ደስ ይለናል።

ሽምግልናውን በተመለከተ፦ ዕርቁ ትልቅ ነገር ነው፣ ቀጣዩን ሬሳ ያስቀራል። የግድያ ክስ ግን የመንግሥት ክስ ስለሆነ የሟች ወገን «ታርቀናል» ቢልም አይዘጋም። ዕርቁ የሚያገለግለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ቅጣት ሲወሰን ተከሳሹ መጸጸቱንና ጉዳቱን ለመካስ መሞከሩን ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 82 በማቅለያነት ሊይዝለት ይችላል፤ ስለዚህ የዕርቁ ውል በጽሑፍ፣ በሽማግሌዎች ፊርማና በቀን ተዘጋጅቶ ከቅጣት አስተያየቱ ጋር ይቅረብ። ከፍርድ በኋላ የመጣ ወረቀት ጉልበቱ ያንሳል። ሁለተኛ፣ የተከፈለው የደም ካሳ በፍትሐ ብሔር ከሚጠየቀው ካሳ ላይ ሊታሰብ ይችላል፤ የሟች ባለቤት፣ ልጆችና ወላጆች በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2095 የመተዳደሪያ ካሳ የመጠየቅ መብት ስላላቸው ገንዘቡ ለምን እንደተከፈለ በውሉ ላይ ይጻፍ። «ለዕርቅ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ገንዘብ በኋላ ያጨቃጭቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ሰሚ ቢገኝ፦ 14 ዓመት ቢያልፍም የአባትየው ገዳይ ገና መከሰስ ይችል ነበር። በአንቀጽ 217 መሠረት በሞት ወይም በዕድሜ ልክ የሚያስቀጣ ወንጀል ክስ የሚታገደው በ25 ዓመት፣ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣው በ20 ዓመት ነው። ሰውየው መመለሱ እንደታወቀ ለፖሊስ መጠቆም ይበቃ ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ሊገድለኝ እንደሚያስብ በሰው ሰማሁ። ጥይትም ገዝቷል ይባላል። ገና ምንም ሳያደርግ ማሰቡ ብቻ ያስከስሰዋል? (ከጭልጋ)

መልስ፦ ማሰብ ብቻውን አያስቀጣም። በአንቀጽ 26 መሠረት መሰናዳትም፣ ለምሳሌ መሣሪያ ማዘጋጀት፣ ሕጉ በግልጽ ካልደነገገ ወይም መሰናዶው ራሱ ወንጀል ካልሆነ አያስቀጣም። ጥይቱ ወይም መሣሪያው ሕገ ወጥ ከሆነ ግን እሱ ራሱ ወንጀል ነው። ለመግደል ተስማምተው የተነሱት ሰዎች ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ የአድማ ሕግ ይመጣል። «እገድልሃለሁ» ብሎዎት ከሆነ ዛቻ በአንቀጽ 580 ያስቀጣል፤ ነገሩ የሚነሳው በእርስዎ አቤቱታ ነው። ቅጣቱ አነስተኛ ቢሆንም አቤቱታው ከነቀኑ በፖሊስ መዝገብ መግባቱ ይጠቅማል፤ ነገ አንድ ነገር ቢፈጠር ቀድሞ ማሰቡን ከሚያስረዱ ማስረጃዎች አንዱ ያ ወረቀት ይሆናል።

አድብቶ ተኩሶ ቢስትዎ ግን ያ ሙከራ ነው (አንቀጽ 27)። ሙከራ በመርሕ ደረጃ በተሞከረው ወንጀል ቅጣት ያስቀጣል፤ ፍርድ ቤቱ ሊያቀልለት ይችላል እንጂ የግዴታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰክሮ የገደለ ሰው «አላሰበበትም» አይባልም? (ከቅዳሜ ገበያ)

መልስ፦ ጥቂት ብርሌ ጠጥቶ መናደድ አእምሮን መሳት አይደለም። በአንቀጽ 50 ለመግደል ድፍረት ይሁነኝ ብሎ ሆን ብሎ የሰከረ ሰው ስካሩን መከላከያ አያደርገውም፤ ቀድሞ ማሰቡ ከመስከሩ በፊት ስላለቀ እንዲያውም ይከብድበታል። ሳያስበው ሰክሮ፣ በስካር ጠብ ተነስቶ ገድሎ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ክርክሩ 540 ላይ ነው የሚያርፈው። ምን ያህል እንደጠጣ የሚናገረው ሻጩ ወይም አብሮ የጠጣ ሰው ስለሆነ ምስክሩ ስለ መጠጡ ብዛት ብቻ ሳይሆን ይናገር፣ ይራመድ፣ ሰው ይለይ እንደነበር ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ ገዳዩ 17 ዓመቱ ነው። ቀድሞ አስቦበታል ተብሎ ሞት ሊፈረድበት ይችላል? (ከላይ አርማጭሆ)

መልስ፦ አይቻልም። ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት ያልሞላው ሰው ላይ ሞት አይፈረድም (አንቀጽ 117)። የሚቆጠረው ግድያው የተፈጸመበት ቀን እንጂ ፍርዱ የሚሰጥበት አይደለም። በገጠር የልደት ምስክር ወረቀት ስለማይገኝ የክርስትና መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ካርድና የሐኪም የዕድሜ ምርመራ አብረው ይቅረቡ፤ ሐኪሙ የሚሰጠው ግምት በመሆኑ 17 እና 18 ላይ ያለ ልጅ በእሱ ብቻ ላይደገፍ ይገባዋል። በአዋቂም ላይ ቢሆን የሞት ፍርድ በርዕሰ ብሔሩ ሳይጸድቅ አይፈጸምም፤ በአገራችን የሞት ፍርድ መጨረሻ የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ነው።

ጥያቄ፦ ወንድማችን በ539 ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። «ቀድሞ ማሰቡ» በአንድ ምስክር ብቻ ነው የተረጋገጠው። አሁን ምን እናድርግ? (ከደምቢያ)

መልስ፦ ቀን ይቁጠሩ። ፍርዱ ከተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ መጠየቁን ማስታወቅ፣ የፍርዱ ግልባጭ ከደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኙን ማመልከቻ ማስገባት ያስፈልጋል (የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 187)። ግልባጩ የወጣበት ቀን ወረቀቱ ላይ መጻፉን እዚያው መዝገብ ቤት ሳሉ ያረጋግጡ፤ ብዙ ይግባኝ ወድቆ የሚቀረው ቀኑ አልታወቀም ተብሎ ነው። በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተፈረደ ከሆነ ይግባኙ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው።

የምስክሩ አንድ መሆን ብቻውን ፍርድ አያስሽርም፤ ሕጉ የምስክር ቁጥር አልወሰነም። ስለዚህ ይግባኙ «ምስክሩ አንድ ነው» ብሎ አይጻፍ። ምስክሩ ያየው ምንድን ነው? ተኩሱን ብቻ ካየ ስለ ቀድሞ ማሰብ ምንም አልመሰከረም። ከሌላ ሰው የሰማውን ከሆነ የተናገረው፣ የነገረው ሰው ለምን አልተጠራም? ለፖሊስ ከሰጠው ቃል ጋር ይጋጫል? ከዚያ በኋላ ፍርዱ ውስጥ «በተለይ ጨካኝ፣ ነውረኛ ወይም አደገኛ» የሚለውን ዳኞቹ በየትኛው ማስረጃ እንዳረጋገጡት ይፈለግ። ያ ዓረፍተ ነገር ከሌለ የይግባኙ ቁጥር አንድ ነጥብ እሱ ነው። ሌላም ይታይ፦ ቀድሞ ማሰቡ 539ን ካመጣ በኋላ እንደገና በአንቀጽ 84 በማክበጃነት ተቆጥሮ ከሆነ አንድ ምክንያት ሁለት ጊዜ ቀጥቷል ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ አይፈቀድም። አመክሮን በተመለከተ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ሊጠይቅ የሚችለው 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ ነው፤ ይግባኙ ወደ 540 ዝቅ ካስደረገው ግን ከተወሰነበት ዓመት ሁለት ሦስተኛውን ሲጨርስ ይሆናል።